ለቅሶውን ለተመልካቹ መተው፦ የአንድ ትራጄዲ ሁለት ዝግጅቶች

ጉዳዩ

ይህ ጽሑፍ አንድ የቴአትር ቡድን ለመድረክ ያበቃውን ዘመናዊ ትራጄዲ ከመጀመሪያዎቹ ትርኢቶች በኋላ ለምን እንደገና እንዳዘጋጀው፣ በሁለተኛው ዝግጅትም የተመልካቹ ምላሽ በምን ምክንያት እንደ ተለወጠ ይመዘግባል። በቡድኑ ውስጥ የነበረኝ ድርሻ የታዛቢነት ነበር፤ አዘጋጇ መድረኩን ትቼ ተመልካቹን እንድመለከትላቸው ጠይቀውኝ ነበር። የቡድኑንም ሆነ የባለሙያዎቹን ስም አልጠቅስም። ጉዳዩን ለመዝገብ ያበቃው ቃለ ተውኔቱ ሳይነካ፣ ተዋናዮቹ ሳይቀየሩ፣ አዳራሹም ያው ሆኖ ሳለ የተመልካቹ ሁኔታ ፈጽሞ ሌላ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ንጽጽር በቴአትር ሥራ በቀላሉ አይገኝም፤ አንድ ዝግጅት ሲታደስ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚቀየር የትኛው ለውጥ የትኛውን ውጤት እንዳመጣ ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

ተውኔቱ

የተመረጠው ሥራ አየርላንዳዊው ጆን ሚሊንግተን ሲንግ የጻፈው «ወደ ባሕር ጋላቢዎች» የተሰኘ ባለ አንድ ገቢር ትራጄዲ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1904 በደብሊን ሲሆን፣ ደራሲው ከ1898 ጀምሮ በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ወዳሉት የአራን ደሴቶች እየተመላለሰ የደሴቶቹን ሰዎች ኑሮ በቅርብ ካየ በኋላ የጻፈው ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ሞርያ የምትባል አሮጊት ባሏን፣ የባሏን አባትና ከስድስት ወንዶች ልጆቿ አራቱን ባሕር ወስዶባታል። አምስተኛው ማይክል ጠፍቶ ሬሳው እየተጠበቀ ሳለ፣ የመጨረሻው ልጇ ባርትሊ ፈረስ ለመሸጥ ባሕሩን ሊሻገር ይነሣል። እናት አትሂድ ትላለች፤ ልጅ ይሄዳል፤ ሳትመርቀውም ይለያያሉ። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ካትሊንና ኖራ ደግሞ ባሕር ከተፋው ሬሳ ላይ የተወሰደ የልብስ ጥቅል ከእናታቸው ደብቀዋል። ጥቅሉን ፈትተው፣ ኖራ ራሷ የሠራችውን ካልሲ አገላብጠው፣ ክር ያመለጠባትን ቦታ ቆጥረው የማይክል መሆኑን ያረጋግጣሉ። ብዙም ሳይቆይ የባርትሊ ሬሳ በሳንቃ ላይ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል።

ሥራው ለአዘጋጅ የሚያቀርበው ፈተና ከአጭርነቱ ይጀምራል። ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ ንጉሥ የለበትም፣ በገዛ ስሕተቱ የሚወድቅ ጀግና የለበትም፣ ሁሉም ነገር በአንድ ማዕድ ቤት ውስጥ ያልቃል። አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት አርተር ሚለር ተራው ሰው ለትራጄዲ የሚበቃ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1949 በጽሑፍ ሲሟገት ሲንግ ሞርያን ከጻፈ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በዚያ ላይ ባርትሊ እንደሚሞት ተመልካቹ ገና ከመግቢያው ይገባዋል። መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ታሪክ ሰውን በወንበሩ ላይ የሚይዘው በምንድን ነው? የቡድኑ ችግር የጀመረው ለዚህ ጥያቄ በተሰጠው የመጀመሪያ መልስ ነው።

የመጀመሪያው ዝግጅት

አዳራሹ ሰፊ፣ መድረኩም ጥልቀት ያለው ነበር። አዘጋጇ ትንሿ ማዕድ ቤት በዚያ ስፋት ውስጥ ትጠፋለች ብለው ሰጉ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነበር። ስለዚህ በስተኋላ ባለው ሸራ ላይ የሚናወጥ ባሕር በፕሮጀክተር እንዲታይ፣ የማዕበል ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሰማ፣ በሐዘኑ ክፍሎች ላይ ደግሞ ሙዚቃ እንዲገባ ተደረገ። አልቃሾቹ ሴቶች ጥቁር ለብሰው በተመልካቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ጮክ ብለው እያለቀሱ ይገባሉ፤ መድረኩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው ይቆማሉ። ሬሳው በመድረኩ ፊት ወለሉ ላይ ይጋደማል፤ ፊቱ ይገለጣል፤ ከልብሱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ሞርያ የመጨረሻ ንግግሯን በነጭ ስፖት መብራት ውስጥ እያነባች ትናገራለች። ለማይክል የሬሳ ሣጥን የተገዙት ጣውላዎች ቡናማ ቀለም ተቀብተው ከመረቡ በስተጀርባ ተደግፈው ነበርና ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ላለ ተመልካች አይታዩም። ካትሊን በመክፈቻው የምታቦካው ሊጥ ደግሞ በባዶ እጅ የሚታይ እንቅስቃሴ ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ በትጋት የተሠራ ነበር። የመብራቱ ባለሙያ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው፤ የሞርያን ገጸ ባሕርይ የያዙት አንጋፋ ተዋናይትም በእያንዳንዱ ትርኢት እውነተኛ እንባ ያነቡ ነበር። በምረቃው ቀን የነበረው ጭብጨባ ሞቅ ያለ ነበርና ችግር መኖሩን መጀመሪያ ያመነ ሰው አልነበረም።

ችግሩ የታየበት መንገድ

ከምረቃው በኋላ በነበሩት ትርኢቶች ላይ በግድግዳው በኩል ካለ ወንበር ሆኜ የተመልካቹን ፊት ማየት ጀመርኩ። የተውኔቱን ቅጂ ይዤ ሳል ሲሰማ፣ የስልክ ብርሃን ሲበራ፣ ሳቅ ሲወጣ፣ ሰው ወደ ፊት ጠጋ ወይም ወደ ኋላ ደገፍ ሲል በኅዳጉ ላይ ምልክት አደርግ ነበር። ተመልካቹ ሲወጣ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ ነበር፦ «በዓይንዎ ካዩት ነገር አሁን ትዝ የሚልዎ ምንድን ነው?» ወደዱት ወይ ብሎ መጠየቅ ጨዋነት የተላበሰ መልስ ብቻ ስለሚያመጣ ሆን ብለን ተውነው።

የሰማናቸው መልሶች እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ ነበር፤ ሸራው ላይ ያለው ባሕር፣ የማዕበሉ ድምፅ፣ ከሬሳው የሚንጠባጠበው ውሃ። ውሃው እውነተኛ መሆን አለመሆኑን መልሰው የጠየቁን ነበሩ። ስለ ካልሲው የተናገረ አልነበረም፤ ስለ ጣውላዎቹም እንዲሁ። በአዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሬሳው ሲገባ ከኋላ ረድፎች የታፈነ ሳቅ ይሰማ ነበር። ተዋናዮቹ ይህን የሰሙት እንደ ስድብ ነበር፤ አንዳንዶቹ ተመልካቹ ትራጄዲ ማየት አልለመደም እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

በኅዳጉ ላይ ያሉት ምልክቶች ግን ሌላ ነገር አሳዩ። ሳቁ የተሰማው ሬሳው ሲገባ ይሁን እንጂ ተመልካቹ ከመድረኩ የተለየው ቀደም ብሎ ነበር። ሞርያ ምንጩ ዳር ያየችውን ራእይ፣ የሞተው ማይክል በግራጫው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ማየቷን፣ ስትናገር ሙዚቃው ይገባል፤ ሙዚቃው በገባ በጥቂት ቅጽበቶች ውስጥ ሳል መሰማት ይጀምራል፤ ሰዎች ወደ ወንበራቸው መደገፊያ ይመለሳሉ። አልቃሾቹ በመተላለፊያው ሲገቡ ደግሞ በአጠገባቸው የሚቀመጡ ሁሉ አንገታቸውን አዙረው ሴቶቹን ያያሉ፤ በዚያች ቅጽበት መድረኩ ላይ የሚሆነውን የሚያይ የለም። ስለዚህ ሬሳው ሲመጣ የሚያገኘው ከሐዘኑ ውጭ የቆመ፣ የዝግጅቱን ብልሃት የሚመረምር ተመልካች ነበር። እንዲህ ላለ ተመልካች የሚተነፍስ ሬሳ ሊያስቀው ይችላል፤ አልፈርድበትም።

ክርክሩ

ይህን ለቡድኑ ሳቀርብ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ተነሡ። አንጋፋዋ ተዋናይት ስሜቱ የቀዘቀዘው በማነሱ ነውና ለቅሶው ይጨመር አሉ። አንድ ወጣት ረዳት አዘጋጅ ደግሞ ተመልካቹ አለማልቀሱ ጉድለት አይደለም፣ ማሰብ አለበት የሚል አቋም ያዘ፤ ማስረጃውም ተመልካቹ በስሜት ከመወሰድ ይልቅ እንዲያስብ የፈለገው ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት በርቶልት ብሬኽት ነበር። ብሬኽት ይህንኑ የሲንግን ተውኔት መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በጻፈው ሥራ ውስጥ እናቲቱ ሐዘኗን ተቀብላ በመቀመጥ ፋንታ የደበቀቻቸውን ጠመንጃዎች አውጥታ እንድትሰጥ አድርጓል።

ክርክሩ ጠቃሚ ነበርና ትንሽ ልቆይበት። ጦርነት እየተከተለች ስለምትነግድ እናት የሚተርከው የብሬኽት «እናት ኩራዥ» እ.ኤ.አ. በ1941 ዙሪክ ላይ ሲታይ ብዙዎች ነጋዴዋን ሴት መከራ እንደ ወደቀባት እናት ብቻ አይተው አዘኑላት። ብሬኽት በዚህ ባለመደሰቱ አንዳንድ ትዕይንቶችን ቀይሮ ጻፈ፤ በ1949 በርሊን ላይም ባለቤቱ ሄለነ ቫይግል ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ይዛ ቀረበች። ልጇን የገደለው ተኩስ ሲሰማ ቫይግል አፏን በሰፊው ከፍታ ራሷን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። በመጨረሻው ትዕይንት ለሴት ልጇ ቀብር ገንዘብ ስትቆጥር አንዷን ሳንቲም መልሳ ወደ ቦርሳዋ ትከታለች። ተመልካቹ ግን በበርሊንም ማልቀሱን አልተወም። እኔ ከዚህ የምወስደው ለረዳት አዘጋጁም ለአንጋፋዋ ተዋናይትም የሚሆን ነገር ነው፤ ስሜቱንም ሐሳቡንም አብሮ ያመጣው ያ ያልወጣ ጩኸትና ያቺ የተመለሰች ሳንቲም ናቸው። የእኛ የመጀመሪያ ዝግጅት ተመልካች ግን አላለቀሰም፤ አላሰበምም፤ ስለ ውሃው ነበር የሚጠይቀው።

አሪስጣጣሊስ በ«ሥነ ግጥም» መጽሐፉ ፍርሃትና ርኅራኄ በሚታየው ትርኢት ብቻ ሊቀሰቀሱ እንደሚችሉ ተቀብሎ፣ ከድርጊቱ አወቃቀር የሚመነጩት ግን የተሻሉ መሆናቸውን ጽፏል። አዘጋጇ በዚህ መነሻነት አንድ ውሳኔ ወሰኑ፤ ደራሲው በመድረክ መመሪያው የጻፈውን ሁሉ ያለ ምንም ተጨማሪ አንድ ጊዜ በልምምድ እንሞክር፣ ከዚያ የሚጎድለውን እናያለን አሉ።

በሩና ባሕሩ

ፕሮጀክተሩ፣ ሙዚቃውና የተቀረጸው ማዕበል በአንድ ቀን ወጡ። ውጤቱ መጀመሪያ ላይ መጥፎ ነበር። ማዕድ ቤቷ የትም ልትሆን የምትችል ቤት ሆነች፤ ሰዎቹ የሚፈሩት ነገር ጠፋ። ባሕሩ በዚህ ተውኔት ውስጥ በመድረክ ላይ የማይታይ ዋና ባለጋራ ነውና ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ የሞርያ ፍርሃት የአሮጊት ጭንቀት ይመስላል።

መፍትሔው የተገኘው ከመግቢያው መመሪያ ነው። ኖራ ገርበብ አድርጋ የተወችውን በር ነፋስ በርግዶ ይከፍተዋል። ስለዚህ ባሕሩ እንዲሰማ የተደረገው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ሲዘጋ ድምፁ ወዲያው ይቋረጣል፤ ውስጥ የሚሰማው የፈትል መዘውሩና የእሳቱ ድምፅ ይሆናል። በሩም ጠንካራ እንጨት ሆኖ፣ ሲዘጋ የሚሰማ መዝጊያ ተሠራለት። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ሲገባና ሲወጣ ባሕሩ ወደ ቤት ይገባል። ባርትሊ ሳይመረቅ ሲወጣ የበሩ አከፋፈት ረዘም እንዲል፣ ካትሊን ሄዳ እስክትዘጋውም ድረስ ማንም እንዳይናገር ተደረገ። በኅዳጌ ላይ በዚያ ቦታ ምንም ምልክት የለም።

ጣውላዎቹ፣ ቋጠሮውና ዳቦው

ደራሲው አዲሶቹ ጣውላዎች ግድግዳ ላይ ተደግፈው ከመጀመሪያው እንዲታዩ ጽፏል፤ በንግግሩም ነጭ መሆናቸው ተደጋግሞ ይነሣል። በሁለተኛው ዝግጅት ጣውላዎቹ ቀለም ሳይነካቸው፣ ከሰው ቁመት በልጠው፣ ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ የሚገባም የሚወጣም በእነርሱ ሥር ማለፍ ግድ ሆነበት። ባርትሊ ለፈረሱ ልጓም የሚወስደው ገመድ ደግሞ ከጣውላዎቹ አጠገብ ካለ ምስማር ላይ የተሰቀለ ነው፤ እናቱ ገመዱ ማይክልን ወደ መቃብር ለማውረድ ይፈለጋል ብላ ትከለክለዋለች። የመጀመሪያው ዝግጅት ገመዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ስለ ነበር ይህ ክልከላ የእናት ንጭንጭ ብቻ ይመስል ነበር። አሁን ግን ወጣቱ እጁን በጣውላዎቹ ላይ ዘርግቶ ገመዱን ሲያወርድ ተመልካቹ ጣውላዎቹ ለማን እንደሚሆኑ ሳይነገረው ያስባል።

የልብሱ ጥቅል ትዕይንትም ከኋላ ጠረጴዛ ወደ መድረኩ ፊት መጣ። ክሩ በጨው ውሃ ጠቁሮና ደርቆ ስለማይፈታ ካትሊን ቢላ ትጠይቃለች። ተዋናይቷ ቋጠሮውን ለመፍታት በጥፍሯ ሞክራ ሲያቅታት ቢላውን እንድትቀበል፣ ክሩም እውነተኛ ሲባጎ ሆኖ በጨው ውሃ ተነክሮ እንዲደርቅ ተደረገ፤ ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይደርሳል። ቆጠራው በሹክሹክታ ነው። እዚህ ላይ የሚሆነው ነገር ለትራጄዲ አሠራር ትልቅ ነው፤ ተመልካቹ ከእናቲቱ በፊት ያውቃል። ከዚህ በኋላ እናት በር ከፍታ ስትገባ አዳራሹ ሁሉ ከሁለቱ ልጆች ጋር ምስጢር ደባቂ ሆኖ ይጠብቃታል። በመጀመሪያው ዝግጅት ትዕይንቱ ከኋላና ከማዕበሉ ድምፅ በታች ስለ ነበር ይህ ሽርክና አልተፈጠረም።

ዳቦውም ተመለሰ። ተመልካቹ ወደ አዳራሹ ሲገባ ካትሊን ሊጡን ስታቦካ ያገኛታል፤ በኋላ ልጆቹ እናታቸውን ቁራሽ ዳቦ አስይዘው ባርትሊን መንገድ ላይ አግኝታ እንድትሰጠውና እንድትመርቀው ይልኳታል። ሞርያ ስትመለስ ዳቦው በእጇ ነው። አንጋፋዋ ተዋናይት ገብተው ሲቀመጡ ዳቦውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጣታቸውን ሳያላቅቁ ይቆያሉ፤ ልጆቹ ጥቅሉን ለመደበቅ ስለሚጣደፉ ወዲያው አያዩትም። ተመልካቹ ግን ያያል። በሁለተኛው ዙር ለመውጫ ጥያቄያችን ከሁሉ ይበልጥ የተደጋገመው መልስ ይህ ዳቦ ነበር።

የአልቃሾቹ አገባብ

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ሞርያ የሞቱባትን ወንዶች ስትቆጥር ፓች ስለተባለው ልጇ ሬሳ ትናገራለች። ያኔ ባርትሊ ሕፃን ሆኖ ጉልበቷ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሴቶች እያማተቡ ቃል ሳይናገሩ ገቡ፤ ቀጥሎ ወንዶች በቀይ ሸራ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ፤ ዕለቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ ከያዙት ነገር ውሃ እየተንጠባጠበ እስከ በሩ መንገድ አበጀ። ይህን እየተናገረች እጇን ወደ በሩ ትዘረጋለች፤ በዚያው ቅጽበት በሩ ቀስ ብሎ ይከፈትና አሮጊቶች እያማተቡ መግባት ይጀምራሉ። የትናንቱ ለቅሶ በዓይናችን ፊት የዛሬ ለቅሶ ይሆናል። ሞርያ ራሷ የመጣው ፓች ይሁን ማይክል ግራ ይገባታል።

የመጀመሪያው ዝግጅት ይህን መጋጠሚያ ሰብሮት ነበር። ሞርያ ንግግሯን ጨርሳ ዝም ስትል ለቅሶው ከአዳራሹ በስተኋላ ይጀምርና ሴቶቹ በመተላለፊያው ወደ መድረክ ይሄዳሉ። በንግግሩና በመግባቱ መካከል ክፍተት ስለ ነበር ሁለቱ ነገሮች አንድ ሳይሆኑ ቀሩ፤ አንዱ ትዝታ፣ ሌላው ሰልፍ ሆነ።

በሁለተኛው ዝግጅት ሴቶቹ የሚገቡት በዚያው በር ነው። በሩ የሚከፈተው ተዋናይቷ እጃቸውን ሲዘረጉ ሲሆን፣ ባሕሩም አብሮ ይሰማል። ልብሳቸው እንደ ጽሑፉ ቀይ ሆኖ ራሳቸው ላይ የተከናነቡት ነው፤ ከመድረኩ ፊት ለፊት ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው ይንበረከካሉ። መመሪያው ለዘብ ባለ ድምፅ እያለቀሱ በዝግታ እንዲወዛወዙ ስለሚል ድምፃቸው ከንግግር ከፍ አይልም። በዚህ ላይ ብዙ ተቃውሞ ነበር፤ ጀርባ መስጠት ተመልካችን መናቅ ነው፣ ፊት ካልታየ ሐዘን አይታይም ተባለ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ፊታቸው ስለማይታይ ተመልካቹ የሚያነበው የሰው ስሜት በመካከል አልገባም፤ ከእነርሱ በስተኋላ የተቀመጠ ሁሉ የዚያው ለቅሶ የኋላ ረድፍ ሆነ። የቀይ ልብሱ መስመር ተመልካቹን ከመድረኩ ይጋርዳል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ከመጋረድ ይልቅ አገናኘው።

ሚለር በዚያው በ1949 ለመድረክ ያበቃው የአሻሻጩ ታሪክም፣ «የአሻሻጩ ሞት» የተሰኘው ተውኔት፣ ለዚህ ምስክር ነው። ጆ ሚልዚነር የነደፈው ቤት ግድግዳ የሌለው የእንጨት አጥንት ብቻ ስለ ነበር ያለፈውና ያሁኑ በመብራት ለውጥ ብቻ ይተላለፉ ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ አንድ በር ያንኑ ሥራ ሠራ።

ሬሳውና መዝጊያው

የሚንጠባጠበው ውሃ ወጣ። ውሃውን ሞርያ ስለ ፓች ስትናገር ነግራናለች፤ ኖራም ወደ ውጭ ተመልክታ ሰዎቹ ይዘውት ከሚመጡት ነገር ውሃ እንደሚፈስ ትናገራለች። ሁለት ጊዜ በቃል የተሣለን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ በዓይን ማሳየት ተመልካቹ በልቡ የሣለውን ከባሰ ሥዕል ጋር እንዲያወዳድር ማስገደድ ነው። ሬሳው በሸራ እንደ ተሸፈነ ካትሊን ሊጥ ባቦካችበት ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ። በሸራ ሥር ያለ ሰው መተንፈሱ አይታይም፤ የኋላ ረድፎች ሳቅም በዚህ ቦታ ዳግመኛ አልተሰማም።

ሌላ ሳቅ ግን ነበር። ለባርትሊ ሣጥን በዚያው ጣውላ ሊሠራ ሲታሰብ ምስማር እንዳልተገዛ ይታወቃል፤ ያን ያህል ሣጥን ሲሠራ ያየች ሴት ምስማር መርሳቷ ይገርማል የሚል አስተያየትም ከአንድ ሰው ይሰነዘራል። እዚህ ላይ አጭር ሳቅ ይወጣል። አንዳንዶቹ ንግግሩ ይቆረጥ አሉ፤ አዘጋጇ እምቢ አሉ። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ይህ ሳቅ ለዚያ ቤት የሚያዝን ሰው ሳቅ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጸጥታ በተውኔቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጥልቁ ነበር።

ሞርያ ጠበሉን ባርትሊ ላይ ረጭታ ባዶውን ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ትደፋዋለች። አንጋፋዋ ተዋናይት ያለ እንባ፣ በደከመ ሰው ድምፅ እንዲናገሩ ሲጠየቁ መጀመሪያ ከብዷቸው ነበር፤ ሥራቸው የተቀነሰባቸው መሰላቸው። በሁለተኛው ዙር የመጀመሪያ ትርኢት ላይ እርሳቸው ሳያለቅሱ ከፊት ረድፎች የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ሰሙ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እንባው አልተነሣም።

ያልሠሩ ሙከራዎች

የመጨረሻው ቃል እንዳበቃ መብራቱን በአንድ ጊዜ ማጥፋት ሞክረን ነበር። ተመልካቹ ደነገጠ፤ ጭብጨባውም ከድንጋጤው ለመውጣት በሚመስል ፍጥነት መጣ። ደራሲው እንደ ጻፈው መጋረጃው በዝግታ እንዲወርድ ተመለስን። ከመጋረጃው በኋላ የሚመጣው ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ተዋናዮቹን እስኪያስጨንቅ ይረዝም ነበር፤ ሚለርም የአሻሻጩ ታሪክ ፊላደልፊያ ላይ ሲሞከር መጋረጃው ከወረደ በኋላ ጭብጨባ ሳይሰማ ሰዎች እንደ ቆሙና እንደ ተቀመጡ መጻፉን ለቡድኑ ማንበቡ ጠቅሟል።

ሌላው ሙከራ ጥቂት ተመልካቾችን መድረኩ ጎን ማስቀመጥ ነበር። ቅርበት ስሜትን ያጠነክራል ብለን ነበር፤ ግን በመድረኩ ጎን ያሉት በሌላው ተመልካች እንደሚታዩ ስለሚያውቁ ፊታቸውን ይቆጣጠሩ ጀመር። አዳራሹም እነርሱን ያይ ነበር። ወዲያው ተውነው። ከትርኢቱ ጋር ተያይዞ የሚደረገው ውይይትም መጋረጃው እንደ ወረደ ሲጀመር ሰዎች ያልጨረሱትን ስሜት በአስተያየት እንዲተኩ አደረጋቸው፤ ከዕረፍት በኋላ እንዲሆን ሲዛወር ጥያቄዎቹ ስለ ዝግጅቱ ብልሃት መሆናቸው ቀርቶ ሞርያ ባርትሊን ያልመረቀችው ስለ ምን ነው ወደሚለው ሄዱ።

ለሌላ ዝግጅት የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ትራጄዲ በመቅሠፍቱ ቅጽበት ላይ የሚሸነፈው ከዚያ አስቀድሞ በተደረገ ምርጫ መሆኑ ነው። ቡድኑ ሬሳው በሚገባበት ትዕይንት ላይ ለረዥም ጊዜ ሲለማመድ መድኃኒቱ ያለው ጣውላዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ነበር። ሳቅ ወይም ሳል በተሰማበት ቦታ ላይ ከመሥራት በፊት ተመልካቹ ማየት ያቆመበትን ቦታ ወደ ኋላ ተጉዞ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ለዚህም አንድ ሰው መድረኩን ሳይሆን ወንበሮቹን እንዲያይ መመደብ ወጪ የሌለው ዘዴ ነው።

ቀጥሎ፣ መድረኩ በተመልካቹ ስም ሲያዝን ተመልካቹ ሥራ ይፈታል። ሙዚቃው ያዝን ነበር፣ መብራቱ ያዝን ነበር፣ አልቃሾቹ ያዝኑ ነበር፣ ተዋናይቷም ያነቡ ነበር፤ ለተቀመጠው ሰው የቀረ ነገር አልነበረም። ይህ ማለት መብራትና ድምፅ መቀነስ ሁልጊዜ ይበጃል ማለት አይደለም፤ ባሕሩን ጨርሰን ስናወጣ የደረሰብን ውድቀት ይህን ይመሰክራል። የሚጠየቀው ጥያቄ እያንዳንዱ ድምፅና ብርሃን ከሰዎቹ ድርጊት ጋር ታስሯል ወይ የሚል ነው። በሩ ሲከፈት የሚገባ ባሕር የድርጊቱ አካል ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰማ ባሕር ግን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጆሮ የሚለምደው ጫጫታ ይሆናል።

ሦስተኛው ከእውነተኛነት ጋር የተያያዘ ነው። ሲንግ ለመጀመሪያው ዝግጅት ከአራን ጫማና ጨርቅ እንዲመጣ ያደርግ እንደ ነበር ይታወቃል፤ በእኛም ዘንድ እውነተኛው ሲባጎና እውነተኛው ሊጥ ጠቅመዋል። እውነተኛው ውሃ ግን ጎድቷል። ልዩነቱ ሊጡና ሲባጎው ሰዎቹ የሚሠሩባቸው ነገሮች መሆናቸው ነው፤ ውሃው በማንም እጅ የማይነካ፣ ለመታየት ብቻ የተቀመጠ ነበር።

ሳይፈታ የቀረም አለ። ወጣቶች በሚበዙባቸው ትርኢቶች ላይ ሞርያ ማይክልን በግራጫው ፈረስ ላይ እንዳየችው ስትናገር አሁንም የሚስቁ ነበሩ። የካትሊን መደንገጥ እንዲቀንስ ተደርጎ ሳቁ ቀለል ቢልም ፈጽሞ አልጠፋም፤ መንስኤውን ከታሪኩ ይልቅ ከሰዓቱ፣ ከትርኢቱ በፊት ከተነገረው ማስታወቂያና አብሮ ከመጣው ቡድን ጋር ማገናዘብ እንደሚያስፈልግ አምናለሁ። የመጨረሻው እጅ መንሣትም አከራክሮን ነበር። ጥቂት ጊዜ በፊት ሬሳ የነበረ ሰው ተነሥቶ ሲሰግድ የአዳራሹ ስሜት ይበተናል፤ ጨርሶ ሲቀር ደግሞ ተመልካቹ መሄድ ይገባው እንደሆነ ሳያውቅ ይቀመጣል። ባርትሊን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ሬሳውን ከተሸከሙት ወንዶች መካከል ሆኖ ሁሉም በአንድነት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወጡ ተስማማን፤ ትርኢቱም በዚህ መልክ እስከ መጨረሻው ቀጠለ።